የብሬል መጽሐፉም መስከረም ላይ ይድረስ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች
ለመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚዎችና ማተሚያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ ፋይል ስለመስጠትና ስለ ብሬል ኅትመት

ክቡራንና ክቡራት፣

መስከረም ላይ መጽሐፍ ሲታደል ዓይነ ስውሩ ተማሪ ባዶ እጁን ይቀመጣል። መምህሩ «ገጽ 47ን አውጡ» ሲል እሱ የሚያወጣው ነገር የለውም። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ካነበበለት ይሰማል፣ ካላነበበለት ክፍለ ጊዜው ያልፈዋል። እኛ ብሬልን፣ ማለትም በጣት የሚነበበውን የእብጠት ነጥብ ጽሑፍ፣ የምናስተምር፣ መጽሐፍ ወደ ብሬል የምንገለብጥና የተገለበጠውን የምናርም ባለሙያዎች ነን። በዚህ ደብዳቤ በዋናነት የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ፋይል ለማተሚያ ቤት በሚሰጥበት ቀን፣ ለብሬል የሚሆነው ፋይልም አብሮ ይሰጥ።

የብሬል መጽሐፍ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው የገንዘብ እጥረት ነው። ገንዘብ እንደሚያጥር አንክድም። ነገር ግን ወረቀቱና ማተሚያው ባለበት ቦታ እንኳ ሥራው ወራት የሚፈጀው፣ በኮምፒውተር ተለቅሞ ያለቀው ጽሑፍ ስለማይሰጠንና የታተመውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እንደ አዲስ መልቀም ስላለብን ነው። ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ እየከፈልንበት ነው።

«ድምፅ ቅጂ አለ፣ የሚናገር ስልክ አለ፣ ብሬል ዛሬ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ከቢሮም ከወላጅም ይመጣል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። የታሪክ ትምህርትን ወይም ልቦለድን በጆሮ መከታተል ይቻላል፣ ጠቃሚም ነው። በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ ግን ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ፣ አንዱ ቃል አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር፣ አንቀጽ እንዴት እንደሚከፈል አያውቅም። በእንግሊዝኛ «ናይት» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሌሊቱና ፈረሰኛው በፊደል እንደሚለያዩ የሚነግረው የለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በሒሳብ ቅንፍ የት እንደተዘጋ በአንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ ማንም የለም፤ ዓይናማውም ወደኋላ ተመልሶ ያያል። ብሬል የማያነብ ዓይነ ስውር ተማሪ ያልተማረ ባይባልም ማንበብና መጻፍ ግን አይችልም።

አሁን ወደ ፋይሉ እንምጣ።

ጽሑፍን ወደ ብሬል የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሊብሉዊ የሚባለው በነጻ የሚገኝ ሲሆን ለኢትዮጵያ ፊደል የተሠራ ሰንጠረዥ አለው፤ ደክስበሪ በክፍያ የሚገኝ ነው። ንጹሕ ጽሑፍ ካገኙ ሥራቸውን በደቂቃዎች ይጨርሳሉ። ችግሩ የሚደርሰን ጽሑፍ ንጹሕ አለመሆኑ ላይ ነው።

አንዱ ችግር የተቃኘ ፒዲኤፍ ነው። ገጹ ፎቶግራፍ ስለሆነ ውስጡ ፊደል የለም። ፕሮግራሙም፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደርም ባዶ ገጽ ያያሉ። ሁለተኛው ከዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር ፊደልን በአንድ ዓይነት ኮድ ከሚያውቅበት መስፈርት) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተለቀመ ጽሑፍ ነው። በእነዚህ ፎንቶች ስክሪኑ ላይ «ትምህርት» ተብሎ የሚታየው ቃል ከሥሩ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ነው፤ ወደ ብሬል ሲቀየር የሚወጣው ያ ዝብርቅ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ዛሬ በአሮጌ ፎንት ለመልቀም በቂ ምክንያት የለም። ሦስተኛው ችግር ከማተሚያ ቤት ልማድ የሚመጣ ነው። ፎንት እንዳይበላሽ ተብሎ ፊደሉ ሁሉ ወደ መስመር ሥዕል ይቀየራል፣ ባለሙያዎቹ «ከርቭ ማድረግ» ይሉታል። ለኅትመት ጥሩ ነው፣ ለብሬል ግን ከፎቶግራፍ አይሻልም። ስለዚህ የምንፈልገው ወደ ከርቭ ከመቀየሩ በፊት ያለውን ፋይል ነው።

ፋይል የሚረከብ ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ሊፈትሸው ይችላል። አንድ መስመር ኮፒ ያድርግና በስልኩ የመልእክት መጻፊያ ላይ ወይም በኖትፓድ ላይ ይለጥፈው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ፋይሉ ይሠራል። ዝብርቅ ከሆነ ወይም ጨርሶ ኮፒ አልደረግ ካለ ይመልሰው። ይህን ፍተሻ ከመጽሐፉ መካከል በተወሰዱ ሦስትና አራት ገጾች ላይ መድገም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ መጽሐፍ በተለያዩ ሰዎች የተለቀሙ ምዕራፎች ተገጣጥመውበት ግማሹ ዩኒኮድ ግማሹ አሮጌ ፎንት ሆኖ ይገኛል።

ንጹሕ ፊደል ብቻውን አይበቃም። ርእሶቹ ፊደላቸውን በማወፈር ብቻ ሳይሆን በፕሮግራሙ የርእስ ስታይል መለየት አለባቸው፤ አለዚያ ብሬሉ ላይ ርእስና ዓረፍተ ነገር ይቀላቀላሉ። የታተመው መጽሐፍ የገጽ ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ በየቦታው መግባት አለበት። የብሬሉ ገጽ ከታተመው ገጽ ጋር በፍጹም አይገጥምም፤ ይህ ቁጥር ካልገባ «ገጽ 47» የተባለው የብሬል ገጽ 118 ላይ ይሁን 120 ላይ ተማሪው በምንም አያገኘውም። በአማርኛው መካከል የሚገባ የእንግሊዝኛ ቃል እንግሊዝኛ ተብሎ ምልክት ይደረግበት፤ ብዙዎቹ የአማርኛ ብሬል ምልክቶች ከእንግሊዝኛው ፊደላት ጋር አንድ ስለሆኑ አንባቢው ቋንቋው እንደተቀየረ የሚነግረው ነገር ይፈልጋል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። በብሬል ከ1 እስከ 0 ያሉት አኃዞች ከላቲኑ የመጀመሪያ አሥር ፊደላት ጋር አንድ ቅርጽ አላቸው። ከፊታቸው የቁጥር ምልክት ከተዘለለ 12 ቁጥርነቱ ይቀርና ሁለት ፊደላት ይሆናል። የሒሳብና የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ግድፈት ሙሉውን ጥያቄ ያበላሻል። ለዚህ ነው ፕሮግራሙ የቀየረውን በጣቱ የሚያነብ ዓይነ ስውር አራሚ የግድ የሚያስፈልገው፤ የአራሚው ደመወዝ በበጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይያዝ።

«ሥዕሉን ተመልክታችሁ መልሱ» የሚለው መመሪያ ሌላው መሰናክል ነው። የሥዕሉ መግለጫ መጻፍ ያለበት በመጽሐፉ አዘጋጅ ነው፤ የትኛው የሥዕሉ ክፍል ለጥያቄው እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው እሱ ነውና። መግለጫው መልሱን ሳይናገር የሚታየውን ይናገር። በዳሰሳ ብቻ የሚገባ ካርታና ግራፍ ሲያጋጥም፣ የታተመውን ሥዕል እንዳለ ወደ እብጠት መቀየር የተለመደ ስሕተት ነው። ወንዙም፣ ድንበሩም፣ ከተማውም፣ ስሙም አንድ ወረቀት ላይ ሲያብጥ ጣት አንዱን ከአንዱ አይለይም። የአባይ ተፋሰስ ካርታ ለሦስት ይከፈል፤ አንዱ ወረቀት ላይ ድንበር ብቻ፣ አንዱ ላይ ወንዞቹ ብቻ፣ አንዱ ላይ ከተሞቹ ብቻ። ውድ መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት ልብስ ሰፊዎች ምልክት የሚያደርጉበት ባለጥርስ መንኮራኩር፣ ወፍራም ክር፣ ኮላና አሸዋ ይበቃሉ። መንኮራኩሩ የሚሄደው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ሥዕሉ ግራና ቀኝ ተገልብጦ መሣል አለበት። ይህ ተረስቶ ቀይ ባሕር ወደ ምዕራብ የዞረበት ካርታ ይሠራል።

ምን ያህል ወረቀት እንደሚያስፈልግ ለበጀት ባለሙያዎች በግልጽ እናስቀምጥ። በአማርኛ ብሬል አብዛኛው ፊደል ሁለት ሕዋስ (ሕዋስ እስከ ስድስት ነጥብ የሚይዝ የአንድ ምልክት ቦታ ነው) ይወስዳል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። ሳድስ ብቻ በአንድ ሕዋስ ያልቃል። «ሰላም» በወረቀት ሦስት ፊደል ነው፣ በብሬል አምስት ሕዋስ። የተለመደው የብሬል ማተሚያ ገጽ 25 መስመር ሲኖረው በእያንዳንዱ መስመር 40 ያህል ሕዋስ ይይዛል፤ በመስመር መጨረሻ የሚባክነው ሲቀነስ 120 ቃል ገደማ ይጽፋል። 300 ቃል ያለው አንድ የመጽሐፍ ገጽ ስለዚህ ሁለት ገጽ ተኩል ብሬል ይሆናል። ባለ 200 ገጹ መጽሐፍ 500 የብሬል ገጽ ነው፤ በሁለቱም ወገን ከታተመ 250 ቅጠል፣ በአንድ ወገን ከታተመ 500 ቅጠል። አንድ ጥራዝ ከ70 ቅጠል በላይ ከሆነ ነጥቦቹ በክብደት ይተኛሉ፣ ሕፃንም አይሸከመውም። ስለዚህ በሁለት ወገን ታትሞ አራት ጥራዝ ይወጣዋል። አሥር የትምህርት ዓይነት ላለው ተማሪ ይህ አርባ ጥራዝና ከአንድ ሜትር በላይ መደርደሪያ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ቦታውን አስቀድሞ ያዘጋጅ። ጥራዞቹ ቆመው ይቀመጡ እንጂ አይደራረቡ።

መጽሐፉ በጥራዝ መከፈሉ አንድ ጥቅም አለው። አንደኛው ጥራዝ መስከረም ላይ ከደረሰ ተማሪው እስከ ኅዳር የሚያነበው አለው፤ ሁለተኛው ኅዳር ላይ፣ ሦስተኛው ጥር ላይ ሊከተል ይችላል። ሙሉው መጽሐፍ ተጠናቆ አንድ ላይ እስኪላክ እየተጠበቀ ሚያዝያ ላይ መድረሱ ማንንም አልጠቀመም። የየትምህርቱ የመጀመሪያ ጥራዝ በቅድሚያ ይታተም። ለማጓጓዣም፣ በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት የዓይነ ስውራን ጽሑፎች ከአየር ጭማሪ በስተቀር ከፖስታ ክፍያ ነጻ መሆናቸውን እናስታውሳለን።

የብሬል ማተሚያ ማሽን ግዥ ላይ የምንለው አጭር ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ያለውን ተያያዥ ወረቀት ይጎትታሉ። ጨረታው ማሽኑን ብቻ ገዝቶ ወረቀቱን ከረሳ፣ የተቆራረጠ ወፍራም ወረቀት በእጅ ሲገባ ይጣመምና መዶሻዎቹን ይሰብራል። የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ቦርዱን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ስታቢላይዘር ከማሽኑ ጋር አንድ ላይ ይገዛ። መለዋወጫና በአገር ውስጥ ሊጠግነው የሚችል ባለሙያ ስልጠና በውሉ ይካተቱ። በአንዲት አነስተኛ ዕቃ ምክንያት ዓመታት ቆሞ አቧራ የሚጠጣ ማሽን ማየት ያሳዝነናል።

መጽሐፍ ማንበቢያ ነው፤ መጻፊያም ያስፈልጋል። ፐርኪንስ የተባለውን የብሬል መጻፊያ ማሽን ለእያንዳንዱ ልጅ ማዳረስ እንደማይቻል እናውቃለን፣ ስሌትና ስታይለስ (በእጅ ብሬል የሚጻፍበት ተገጣጣሚ ሰሌዳና ነጥብ መውጊያው) ግን ለእያንዳንዱ መድረስ አለበት። ስሌቱ ሲገዛ ናሙናው ይፈተሽ። በብሬል በነጥብና በነጥብ መካከል 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በሕዋስና በሕዋስ መካከል 6 ሚሊ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት አለ። የላይኛውና የታችኛው ሰሌዳ በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ካልገጠሙ ነጥቡ ይቀደዳል ወይም ጠፍጣፋ ይሆናል። ርካሽ የሆኑት ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ባለ 27 መስመር፣ ባለ 30 ሕዋስ ስሌት ላይ አንድ ገጽ መሙላት 2,000 ጊዜ ያህል መውጋት ነው፤ የስታይለሱ እጀታ ከሕፃን መዳፍ ጋር የማይስማማ ከሆነ ልጁ ከእጁ ሕመም የተነሣ መጻፍ ይጠላል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም ይሁን። ተራው ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይበሳል፣ ያልተበሳውም ሁለት ጊዜ ሲነበብ ነጥቡ ይጠፋል። በቀን አምስት ቅጠል የሚጽፍ ተማሪ በ200 የትምህርት ቀን 1,000 ቅጠል ይፈልጋል። ይህ ለተማሪ እንደ ደብተር የሚቆጠር መሠረታዊ ፍጆታ ነው፤ ተማሪዎች ከየቢሮው አሮጌ የካላንደር ወረቀት እየለመኑ ሊማሩ አይገባም።

ብሬል ማስተማር ላይም የመምህራን ስልጠና መስተካከል የሚገባው ነገር አለው። በህትመት ፊደል 33ቱ ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ቅርጽ ይሆናል። ብሬል ይህን ሸክም ያቀልላል፤ ተነባቢዎቹንና ጥቂት አናባቢዎችን የያዘ ልጅ ሁሉንም ማንበብ ይችላል። ሆኖም የገበታውን ተራ እንዳለ ወስደው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 231ዱን በቃል የሚያስጠኑ ክፍሎች አሉ፣ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ይሰላቻል። አናባቢዎቹንና አምስት ስድስት ተነባቢ አስቀድሞ በማስተማር በሁለተኛው ሳምንት ቃል እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ከዚያም በፊት ጣት ይሠልጥን፤ ምስርን ከሽምብራ መለየት፣ ዶቃ በክር መሰካት፣ በወረቀት ላይ ያበጠ መስመርን ከግራ ወደ ቀኝ ሳይለቁ መከተል። በአንድ ጣት እያንዳንዱን ፊደል ወደ ላይና ወደ ታች እየፈተገ የለመደ ልጅ ፍጥነት አያገኝም፣ ልማዱም ከአምስተኛ ክፍል በኋላ ለመንቀል ይከብዳል። ሁለቱም እጅ ይሥሩ፣ ቀኙ መስመሩን ሲጨርስ ግራው የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ይዞ ይጠብቅ። በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ መሆኑ፣ ሲነበብ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ መሆኑ ጀማሪን ያደናግራል፤ በዚህ ምክንያት ማንበብ ከመጻፍ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ቢጀመር ይሻላል። በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩትም ቁቤ የላቲኑን ብሬል በቀጥታ ስለሚጠቀም የእንግሊዝኛው በር በቀላሉ ይከፈታል። ቃላትና የፊደል ጥምረቶች በአጭር ምልክት የሚጻፉበትን የእንግሊዝኛውን አሕጽሮት ብሬል ግን ሁሉም 9ኛ ክፍል ሳይደርሱ ይማሩት፤ ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት በአብዛኛው በእሱ የተጻፉ ናቸው።

ለሒሳብ የሚያገለግለው ክራንመር አባከስ 13 ዘንግ አለው፤ በየዘንጉ ከላይ አንድ፣ ከታች አራት ዶቃ። ከሥሩ ያለው ንጣፍ ዶቃው በንክኪ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ንጣፍ የሌለው የሱቅ አባከስ ምትክ አይሆንም። ዓይነ ስውር ተማሪን ከሒሳብ ክፍል አውጥቶ ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ይቁም፤ የቀረው የመሣሪያና የመምህር ዝግጅት ነው።

ጭላንጭል ያላቸውን ተማሪዎች መርሳት አንፈልግም። ብሬልን በጣታቸው ሳይሆን በዓይናቸው፣ የነጥቡን ጥላ እያዩ የሚያነቡ ልጆች በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ ዓይናቸውን በከንቱ ይጎዳሉ። እነዚህ ልጆች ብሬል ይጀምሩ ከመባሉ በፊት መነጽር ይለኩ፣ በማጉያ ይሞከሩ። መጠኑ ከ18 እስከ 24 ነጥብ (ፖይንት) የሆነ ደማቅ ፊደል ለብዙዎቹ ይበቃል። መጽሐፉን ከኤ4 ወደ ኤ3 በፎቶ ኮፒ ማጉላት ግን መፍትሔ አይደለም፤ የሚያጎላው 141 በመቶ ስለሆነ 11 ነጥብ የነበረው ፊደል ከ16 አይዘልም፣ ይደበዝዛልም። እዚህም ትክክለኛው መንገድ ከፋይሉ እንደገና ማተም ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች መስኮቱ ከጀርባቸው እንዲሆን ይቀመጡ፣ ክፍል ውስጥ ባርኔጣ እንዳያደርጉ አይከልከሉ።

በፈተና ቀን አንባቢ የሚመደብላቸው ተማሪዎች አንባቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኙት ፈተናው ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት መሆን የለበትም። አንባቢው የትምህርቱን ቃላት የሚያውቅ ይሁን፣ ጥያቄውን ተማሪው በፈለገው ቁጥር ይድገም፣ የመልስ ወረቀቱን ካጠቆረ በኋላ የጥያቄውን ቁጥርና የመረጠውን ፊደል ጮክ ብሎ ያንብብለት። አንድ መስመር ከተዘለለ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻልና። የግራፍና የካርታ ጥያቄ አስቀድሞ በዳሰሳ ሥዕል ይዘጋጅ ወይም ተመጣጣኝ ጥያቄ ይተካ።

አሳታሚዎች ፋይል የማይሰጡት ሥራችን ይሰረቃል ብለው ስለሚሰጉ መሆኑን እንረዳለን። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የማራኬሽ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ ለዓይነ ስውራን ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀትን ከደራሲ ፈቃድ ውጭ ይፈቅዳል፤ ቅጂው የሚሰጠው ግን ማንበብ ለተሳናቸው ብቻ ነው። ማን ፋይሉን እንደተረከበ የሚመዘገብበት መዝገብና የተፈረመ የኃላፊነት ቅጽ ይኑር፣ እኛም ለመፈረም ዝግጁ ነን። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 ብሬል መማርን ማመቻቸት የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል፤ አገራችን ኮንቬንሽኑን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ስለዚህ ከሚቀጥለው የመጽሐፍ ኅትመት ውል ጀምሮ የሚከተለው አንቀጽ እንዲገባ እንጠይቃለን፦ «አዘጋጁ የመጨረሻውን ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ርእሶቹና የገጽ ቁጥሮቹ ምልክት ተደርጎባቸው፣ የሥዕል መግለጫዎቹ ተካተው፣ ለኅትመት ከሚያስረክበው ፋይል ጋር በአንድ ቀን ያስረክባል፤ ይህ ሳይሟላ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸምም።» ትምህርት ቤቶች በየክፍሉና በየቋንቋው ስንት ብሬል፣ ስንት ትልቅ ፊደል እንደሚያስፈልጋቸው እስከ ጥር መጨረሻ ለቢሮው ይላኩ። እርማት እስከ ሰኔ ይጠናቀቅ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥራዞች በነሐሴ ታትመው ከጳጉሜን በፊት ይጫኑ። በእጃችን ያለውን የፋይል መፈተሻ ቅጽና የሥዕል መግለጫ አጻጻፍ መመሪያ ለሚጠይቀን ቢሮ ያለ ክፍያ እንሰጣለን፣ የአዘጋጆች ስልጠናም እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የብሬል መምህራን፣ ገልባጮችና አራሚዎች

ግልባጭ፦
ለመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሎች
ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
ለዓይነ ስውራን ማኅበራት
ማየት የተሳናቸው ልጆች ላሏቸው ወላጆች